የትረካ አንጻር ምንድን ነው? የአየር ንብረት ልብ ወለድን ለምታነቡ

«የደራሲዋ አንጻር የአየር ንብረት ለውጥ አደገኛ ነው የሚል ነው» ብሎ ጽፏል አንድ ገምጋሚ። እንዲህ ያለውን ደጋግሜ ስላነበብኩ ዝም ማለት አቃተኝ። እሱ የጠቀሰው አቋም ነው፤ አቋም በጋዜጣም ይጻፋል። አንጻር ግን ታሪኩን በማን ዐይን እንደምናየው፣ ያም ሰው ምን እንደሚያውቅና ምን እንደተሰወረበት የሚወስን ብልሃት ነው።

በጨለማ ኩራዝ ይዞ የሚሄድ ሰው አስቡ። አንባቢ ከኋላው ይከተላል፤ የሚያየውም ብርሃኑ የደረሰበትን ብቻ ነው። ኩራዙን የሠራው ደራሲው ነው፣ የያዘው እጅ ግን የገጸ ባሕርዩ ነው። እጁ ሲንቀጠቀጥ ብርሃኑም ይንቀጠቀጣል፤ ስሜቱ ወደ እኛ የሚጋባው በዚያ በኩል ነው። ደራሲው ቸኩሎ ሜዳውን ሁሉ በፓውዛ ቢያጥለቀልቀው ሁሉም ነገር ይታያል፣ የሚፈራ ግን አይኖርም።

የአሜሪካዊቷን ደራሲ የባርባራ ኪንግሶልቨርን ልብ ወለድ «ፍላይት ቢሄቪየር» (እ.ኤ.አ. 2012) እንይ። ዴላሮቢያ በአሜሪካ ቴነሲ ገጠር የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት። ከባሏ ተደብቃ ሌላ ወንድ ልታገኝ ተራራ ትወጣለች፤ እንዳምር ብላ መነጽሯን ቤት ትታዋለች። ሸለቆው ድንገት በእሳት የተያያዘ ይመስላታል። ጭስ የለም፣ ድምፅም የለም፣ ዛፉ ሁሉ ግን ይንቦገቦጋል። ምልክት ነው ብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እኛም በደካማ ዐይኗ ስላየን ተአምሩን አምነናል። እሳት የመሰሏት ሞናርክ የሚባሉ ብርቱካንማ ቢራቢሮዎች እንደሆኑ፣ የብርዱን ወራት በሜክሲኮ ተራሮች ማሳለፍ ሲገባቸው በአየር ንብረት ለውጥ መንገዳቸው ተዛብቶ እዚያ እንደሰፈሩ የምንረዳው ቀስ እያልን ነው። በዚህ መሃል የባሏ አባት ዕዳውን ሊከፍልበት ያንኑ ደን ለማስቆረጥ ተነሥቷል።

የሚያንገበግበን ውብ ብለን የወደድነው ነገር ራሱ የጥፋቱ ምልክት ሆኖ መገኘቱ ነው። ታሪኩ ኋላ ቢራቢሮዎቹን ሊያጠና በሚመጣው ተመራማሪ ዐይን ቢጀመር ኖሮ አደጋውን ከመጀመሪያው ገጽ እናውቀው ነበር፤ የምናጣው ተአምር ግን አይኖረንም። «አደጋው በገዘፈ ቁጥር ስሜቱ ይበረታል» የምትሉ ይህን ትዕይንት እንደገና አንብቡት። አንድም ሰው አልሞተበትም።

በሥነ ጽሑፍ ሙያችን ሳይነገር የማይታለፍ ነገርም አለ። የሚያየውና የሚተርከው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፤ ፈረንሳዊው የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ዤራር ዠኔት እ.ኤ.አ. በ1972 የለየው ይህንን ነው። የዴላሮቢያ ታሪክ የሚተረከው «እሷ» እየተባለ ነው፣ ዐይኑ ግን የራሷ ነው። ስለዚህ አንባቢን የሚያቀርበው «እኔ» ባይ ተራኪ ብቻ ነው ማለት ልክ አይደለም። እርግጥ «እኔ»ም ጉልበት አለው፤ አሜሪካዊቷ ደራሲ ኦክታቪያ በትለር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመችው ልብ ወለድ የሌላው ሕመም በገላዋ የሚሰማትን ወጣት ማስታወሻ ደብተር እንድንገልጥ አድርጋናለች።

ስሜት መንካትና ሐሳብ ማስለወጥም ይለያያሉ። ተመራማሪው ማቲው ሽናይደር-ሜየርሰን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት 161 አሜሪካውያን የአየር ንብረት ልብ ወለድ አንባቢዎችን ጠይቆ ነበር። እነዚህ አንባቢዎች ከማያነቡት ይልቅ ለአየር ንብረት ጉዳይ የሚጨነቁ ሆነው ተገኙ። ብዙዎቹ መጻሕፍትም ጉዳዩን ከከባድ አሉታዊ ስሜት ጋር እንዲያያይዙት አድርገዋቸዋል፤ ተመራማሪውን ያሳሰበውም እንዲህ ያለው ስሜት አንባቢውን ለሥራ ከማነሣሣት ይልቅ ሊያሽመደምደው መቻሉ ነው።