ኪው ኮድ ምንድን ነው?

አያት ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎክ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ ጎረቤት አሉን። በወጣትነታቸው የመርከብ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። ስልክ ደውለው «ኪው-ቲ-ኤች?» ካሉኝ «የት ነህ?» ማለታቸው ነው። ልጄ ይህን ሰምታ «ጋሼ፣ የሰላይ ቋንቋ ነው እንዴ?» አለቻቸው። «የኔ ልጅ፣ ምስጢር ቢሆንማ ከግሪኩ መርከብ ጋር በምን እንግባባ ነበር?» አሏት።

ነገሩ ይኸው ነው። ኪው ኮድ ቋንቋቸው የማይገናኝ ሰዎች በቶሎ እንዲግባቡ የተሠራ አጭር መላላኪያ ነው። እያንዳንዱ ኮድ ሦስት የላቲን ፊደል አለው፤ የመጀመሪያው ሁሌም ኪው (Q) ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ገደማ የእንግሊዝ መንግሥት ለመርከቦቹና ለባህር ዳርቻ ጣቢያዎቹ አዘጋጀው። በ1912 ለንደን ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ የሬዲዮቴሌግራፍ ጉባኤ ደግሞ ተቀበለው። ያኔ መልእክት የሚሄደው በሞርስ፣ ማለትም እያንዳንዱን ፊደል በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚወክል ዘዴ፣ ፊደል በፊደል እየተመታ ነበር። ሦስት ፊደል የአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ድካም ይቀንሳል።

ደስ የሚለኝ ደግሞ ያው ኮድ ጥያቄም መልስም መሆኑ ነው። ኪው-ቲ-ኤችን የጥያቄ ምልክት ከተከተለው «ቦታህ የት ነው?» ነው፤ ካልተከተለው «ቦታዬ እዚህ ነው»። ኪው-ኤስ-ኤል «መልእክትህ ደርሶኛል» ነው። ኪው-አር-ኤም ሌላ ጣቢያ ሲረብሽ፣ ኪው-አር-ኤን ደግሞ መብረቅና የአየር ጩኸት ሲረብሽ ይባላል። ክረምት ላይ ሬዲዮ ከፍተው የሚንጫጫውን ድምፅ የሰማ ሰው ሁለተኛውን ያውቀዋል።

ኮዱ ከጣቢያ መጠሪያ ጋር አይምታታም ወይ? ኪው ለኮዱ ስለተተወ የትኛውም የሬዲዮ ጣቢያ መጠሪያ በኪው አይጀምርም። የኛ አገር ለምሳሌ በኢ-ቲ ይጀምራል። ስለዚህ ኮዱን ከጣቢያ ስም ጋር የሚያምታታ የለም።

ሞርስ ከመርከብ ከቀረ ቆየ። ኮዶቹ ግን በአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ በሚገናኙ ሰዎች ዘንድ፣ ዛሬም አሉ፤ በአቪዬሽንም እንዲሁ። ቦሌ ሊያርፉ በሰፈራችን ላይ ዝቅ ብለው የሚያልፉትን አውሮፕላኖች እናያለን አይደል? አብራሪዎቹ ከመቆጣጠሪያው ማማ ኪው-ኤን-ኤች የሚባል ቁጥር ይቀበላሉ። በባህር ጠለል ልክ የተሰላ የአየር ግፊት ነው። የከፍታ መለኪያው በዚያ ሲስተካከል፣ መሬት ላይ ያለ አውሮፕላን ዜሮ ሳይሆን የቦሌን ከፍታ፣ ወደ 2,330 ሜትር ያነባል።

ወንድሙ ኪው-ኤፍ-ኢ የራሱ የማረፊያው ግፊት ነው። በሱ ከተስተካከለ መለኪያው መሬት ላይ ዜሮ ያሳያል። ቦሌ ላይ ግን ከፍታው ብዙ ስለሆነ ግፊቱ ወደ 770 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) ይወርዳል፤ ባህር ጠለል ላይ 1,013 አካባቢ ነው። የብዙ ትናንሽ አውሮፕላኖች መለኪያ ማስተካከያ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ስለማይወርድ፣ ቦሌ ላይ በኪው-ኤፍ-ኢ ሊስተካከሉ አይችሉም።