ማይነር ምንድን ነው? ሜጀርስ?

አሜሪካ ልጃቸውን ኮሌጅ ያስገቡ የእኛ ወላጆችን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ልጁ አንድ ዓመት ጨርሶ «ምንድን ነው የምትማረው?» ሲባል «ገና አልወሰንኩም» ይላል። አገር ቤት ፎርም ይሞላል፣ ውጤት ይታያል፣ ዲፓርትመንት ይመደባል። ምርጫው ካልደረሰ የደረሰውን መማር ነው። አሜሪካ ግን ብዙ ኮሌጆች ተማሪው እስከ ሁለተኛ ዓመት መጨረሻ ድረስ እንዲያስብበት ይፈቅዳሉ። ስለዚህ አይዟችሁ፣ ልጁ አልዘነጋም።

ሜጀር ዲግሪው የሚያዝበት ዋናው የትምህርት ዘርፍ ነው። ለባችለር ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ያስፈልጋል። በሂውማኒቲስ፣ ማለትም በታሪክ፣ በፍልስፍና፣ በቋንቋና በሥነ ጽሑፍ፣ ከዚህ ውስጥ ከ30 እስከ 40 የሚሆነው ለሜጀሩ ነው። ወደ 10 ወይም 12 ኮርስ ማለት ነው። ማይነር ሁለተኛውና አነስ ያለው ዘርፍ ነው፤ 5 ወይም 6 ኮርስ ይበቃዋል። ትራንስክሪፕት ላይ ይሰፍራል፣ ዲፕሎማው ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይወጣም። በብዙ ቦታ ግዴታም አይደለም። ሃርቫርድ ሜጀርን «ኮንሰንትሬሽን» ይለዋል፤ ነገሩ ያው ነው።

እስከዚህ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው መምረጡ ነው፤ የሂውማኒቲስ ዘርፎች ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም «ማንበብና መጻፍ» ይመስላሉ። ቀረብ ሲባል ግን ሥራቸው ለየቅል ነው። «መሬት ላራሹ»ን እንውሰድ። በ1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን መፈክር ይዘው ሰልፍ ወጡ። የታሪክ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህን በምን እናውቃለን?» ብሎ ነው። የዘመኑን ጋዜጣና በራሪ ወረቀት ይፈልጋል፣ በቦታው የነበረን ሰው ያናግራል፣ ሁለት ምስክሮች ካልተስማሙ ለምን እንዳልተስማሙ ያጣራል። የፍልስፍና ተማሪ ማኅደር አያገላብጥም። «የሚያርሰው ሰው መሬቱ የእሱ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? ከአባቱ የወረሰውስ?» ይላል። ጆን ሎክ ንብረት ከጉልበት ይመነጫል ያለውን ያመጣና ክርክሩ የት ላይ እንደሚላላ ይፈትሻል። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ደግሞ የዚያን ዘመን ልቦለድ ይዞ ተራኪው ከጭሰኛው ወገን ነው ወይስ ከባለርስቱ፣ ይህስ በየትኛው ዓረፍተ ነገር ይታወቃል ብሎ ይቀመጣል።

ከእነዚህ አንዱን ሌሊቱ እስኪነጋ ድረስ ሳይሰለች የሚሠራ ሰው ሜጀሩን አግኝቷል። በእኔ እምነት ትልቁ ወጥመድ የመግቢያው ኮርስ ነው። ጥሩ ተናጋሪ መምህር ካጋጠመ ማንኛውም ትምህርት ይጥማል። ይልቅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚያቀርቡ ጠይቆ አንዱን ማንበብ ነው። ሃያ ምናምን ገጽ ነው፣ ሞት የለበትም።

ማይነሩን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ያባክነዋል ባይ ነኝ። ታሪክ ሜጀር አድርጎ ፖለቲካል ሳይንስ ማይነር መያዝ ነውር የለውም፣ ግን ሁለቱ በጣም ይቀራረባሉ። ማይነር ሜጀሩ የማይሰጠውን መሣሪያ ቢሰጥ ይሻላል። ፍልስፍና ለሚማር ሒሳብ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ታሪክ ለሚማር ስታቲስቲክስ ወይም ቋንቋ። የኢትዮጵያን የመካከለኛ ዘመን ታሪክ የሚያስብ ልጅ ያለ ግዕዝ ሩቅ አይሄድም፤ ወደ ጣሊያን ወረራ ዘመን ከመጣ ጣሊያንኛ ያስፈልገዋል። ግዕዝ የሚያስተምሩ ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ካናዳ ውስጥ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሯል፣ ዘ ዊኬንድ (የእኛው አቤል ተስፋዬ) 50 ሺህ ዶላር ሰጥቶበት። አማርኛ በሃዋርድም በሃርቫርድም ይሰጣል። ቤት ውስጥ አማርኛ እየሰማ አድጎ ፊደል ላልቆጠረ ልጅ ደግሞ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ማይነር ከመያዝ በፊት አማካሪውን መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ አንድ ኮርስ ለሜጀሩም ለማይነሩም ይቆጠራል ወይ? አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ብቻ ይፈቅዳል። ለማይነር ብሎ አንድ ሴሚስተር መጨመር ግን፣ በአሜሪካ የትምህርት ክፍያ፣ አያዋጣም።

«ታሪክ ተምረህ ምን ልትበላ ነው?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለሕግ ትምህርት ቤት የተወሰነ ሜጀር አይጠየቅም። ለሕክምናም እንደዚያው፤ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ መውሰድ ግን በአብዛኛው የግድ ነው፤ በማይነር ባይሆን እንኳ ከሜጀሩ ጎን ይወሰዳሉ። እንዲያውም የሕክምና መግቢያው ፈተና፣ ኤምካት፣ ከአራቱ ክፍሎቹ አንዱ የንባብ ነው፦ 90 ደቂቃ፣ 53 ጥያቄ፣ ምንባቦቹም ከሂውማኒቲስና ከማኅበራዊ ሳይንስ።

ነርሲንግና ኢንጂነሪንግ ግን እንዲህ አይደሉም። ኮርሶቻቸው በቅደም ተከተል የተያያዙ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ዓመት መጀመር አለባቸው። ወደዚያ የሚያዘነብል ልጅ ካለ «ገና አልወሰንኩም» እያለ ሁለት ዓመት ባይቆይ ይሻለዋል።