ባዮማርከር ምንድን ነው? አልዛይመርን ቀድሞ ስለማወቅ

የስኳር በሽታን ለማወቅ ሐኪም ስለ ድካምና ስለ ውኃ ጥም ጠይቆ ብቻ አያበቃም፤ ደም ይለካል። ያ የሚለካው የደም ስኳር ባዮማርከር ነው፤ ማለትም ሰውነት ውስጥ ስለሚካሄደው ነገር የሚመሰክር፣ ሊለካ የሚችል ምልክት።

የማስታወስና የማሰብ ችሎታን ቀስ በቀስ የሚያጠፋው የአንጎል በሽታ፣ አልዛይመር፣ ይህን የመሰለ ምስክር ለረጅም ዘመን አልነበረውም። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 በሽታውን ሲገልጽ የተመለከተው የሞተች ታካሚውን አንጎል ነበር፤ ከሕዋሳት ውጪ የተጠራቀመ ዝቃጭ፣ በሕዋሳት ውስጥ ደግሞ የተወሳሰበ ክር። ከእሱ በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት እርግጠኛው መልስ የሚገኘው ከሞት በኋላ ነበር።

ዝቃጩ አሚሎይድ ቤታ፣ ክሩ ደግሞ ታው የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ዛሬ ሁለቱንም በሕይወት ባለ ሰው ላይ ፔት ስካን በሚባል የምስል ምርመራ ማየት፣ ወይም አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን ከብቦ ከሚገኘውና ከወገብ በመርፌ ከሚቀዳው ፈሳሽ ውስጥ መለካት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፤ በታማሚው ፈሳሽ ውስጥ አሚሎይድ ቤታ 42 የተባለው የአሚሎይድ ዓይነት የሚገኘው ከፍ ብሎ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ነው። ፕሮቲኑ አንጎል ውስጥ ተጣብቆ ስለሚቀር ወደ ፈሳሹ የሚደርሰው ያንሳል። ታው ግን ይጨምራል።

ከሁሉም በላይ ተስፋ የሰጠኝ የደም ምርመራው ነው። ፒ-ታው 217 የሚባለው የታው ዓይነት፣ አንጎል ውስጥ አሚሎይድ ሲከማች በደም ውስጥ ከፍ ይላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2025 ይህንን ከአሚሎይድ ጋር የሚያነጻጽር የደም ምርመራ ፈቅዷል፤ የተፈቀደውም የበሽታው ምልክት ለታየባቸው ሰዎች ነው።

ቀድሞ ማወቁ ለምን ይጠቅማል? አሚሎይድ መከማቸት የሚጀምረው መርሳቱ ከመታየቱ 15 ወይም 20 ዓመት አስቀድሞ ነው። አሚሎይድን የሚያስወግዱት ሌካኔማብና ዶናኔማብ የተባሉት መድኃኒቶች ደግሞ በሽታው ገና ሲጀምር ላሉ ታማሚዎች ብቻ የሚሰጡ ናቸው፤ ከመጀመራቸው በፊትም አሚሎይዱ መኖሩ በምርመራ መረጋገጥ አለበት። በሽታውን አይፈውሱም። ሌካኔማብ በ18 ወር ሙከራ የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ አዘግይቷል። አንጎል ላይ እብጠትና መድማት ሊያስከትሉም ይችላሉ፤ አደጋው አፖኢ 4 የተባለውን ዘረ መል ከእናትም ከአባትም በወረሱ ሰዎች ላይ ይብሳል። ስለዚህ ዘረ መሉን መመርመርና በኤም አር አይ መከታተል የሕክምናው አካል ነው።

ባዮማርከር ግን ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። አንጎላቸው ውስጥ አሚሎይድ እያለ ዕድሜ ልካቸውን አእምሯቸው ሳይደክም የሚኖሩ አዛውንቶች አሉ። የኩላሊት ሕመምም ፒ-ታውን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ምንም ምልክት የሌለው ሰው በራሱ ተነሳሽነት ተመርምሮ ከውጤቱ ጋር ብቻውን እንዲፋጠጥ አልመክርም። እየረሳ ለተጨነቀ ሰው ግን ነጻ የሚል ውጤት እንኳን ትልቅ ነገር ነው፤ ሐኪሙ ፊቱን ወደ ታይሮይድ፣ ወደ ቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ወይም ወደ ድባቴ ያዞራል፤ እነዚህ ደግሞ መድኃኒት አላቸው።