«ኪው 95» ሲባል ስንት ውሃ ነው?

በወንዝ ጥናት ላይ «ኪው 95» የሚል ቁጥር ያየ ሰው ብዙ ውሃ ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ ወንዙ 95 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ከዚህ መጠን አያንስም ማለት ነው። ከሱ በታች የሚወርደው በአማካይ በዓመት 18 ቀን ያህል ብቻ ነው።

መለኪያ ያልተተከለበት ወንዝስ? የተለመደው መንገድ የተለካ ጎረቤት ወንዝ ፈልጎ በተፋሰስ፣ ማለትም ዝናቡ ወደ ወንዙ በሚወርድበት መሬት፣ ስፋት ማስላት ነው። ለምሳሌ የተለካው ተፋሰስ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ኪው 95ቱም በሰከንድ 80 ሊትር ቢሆን፣ 60 ካሬ ኪሎ ሜትር ለሆነው 48 ሊትር ይገመትለታል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጣጣው ጎረቤት መምረጡ ላይ ነው። በበጋ ወንዙን የሚያቆየው ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ውሃ ስለሆነ የዝናቡ መመሳሰል ብቻ አይበቃም፤ አለቱና አፈሩም መቀራረብ አለበት።

ከእንጦጦ ወርዶ አዲስ አበባን የሚያቋርጠው የቀበና ወንዝ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በጥር ከድልድዩ ሥር ከሚታየው ውሃ ከፊሉ ከየቤቱ የሚለቀቅ ፍሳሽ ነው፤ ከገጠር ወንዝ በተወሰደ ቁጥር ውስጥ ይህ የለም። በእኔ እምነት እዚህ ከቀመሩ በፊት በበጋ ወርዶ ጥቂት ጊዜ መለካት፣ ውጤቱንም በዚያው ቀን መለኪያ ባለው ጎረቤት ወንዝ ከተመዘገበው ጋር ማነጻጸር ይሻላል።