ሐያሲና የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የአንድ ደራሲ የሕይወት ታሪክ ታትሞ ሲወጣ፣ መጽሐፉን ሳይገልጡ የሚፈርዱ ሰዎች አይጠፉም። «የሰው ጓዳ መፈተሽ ሥራ ሆነ?» ይላሉ። የሥነ ጽሑፍ ሥራን መርምሮ የሚመዝነው ሐያሲውም ከዚህ የተሻለ ስም የለውም። እኔ ሁለቱንም ሙያዎች እወዳቸዋለሁ። ስለዚህ ደጋግሜ ከምሰማቸው አባባሎች ጥቂቶቹን ላንሳ።

«ልብ ወለዱን ካነበብክ ደራሲውን አወቅከው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ደራሲውን በዓሉ ግርማን እንውሰድ። «ደራሲው» በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ ያለው ሲራክ የተባለ ገጸ ባሕርይ፣ እውነተኛው ጸሐፊ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው ሲባል ስንት ዓመታችን! እኔም መጀመሪያ ሳነበው የታየኝ ስብሐት ብቻ ነበር። ደግሜ ሳነበው ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። የመጻፍን ጭንቀት ከውስጥ የሚያውቀው ብዕሩን የያዘው ሰው አይደለም እንዴ? ሲራክ ከስብሐት መልክ ወስዶ ሊሆን ይችላል፤ ከበዓሉም ወስዷል፤ ከሁለቱም ያልሆነ ነገርም አለው።

«ኦሮማይ» የተባለው ሌላው የበዓሉ ልብ ወለድ ላይ ነገሩ ይከብዳል። መጽሐፉ የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ የሚያጠነጥነው በአስመራና ደርግ በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ ሲሆን፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ነው። በዓሉ ራሱም ጋዜጠኛ ነበር፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ውስጥ ከፍተኛ ኃላፊነት ነበረው። አንባቢው ወዲያው «ይሄ እገሌ ነው፣ ያቺ እገሊት ናት» ማለት ጀመረ። ባለሥልጣናቱም እንደዚያው አነበቡት። መጽሐፉ ታገደ፣ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ልብ ወለድን እንደ ምስክር ቃል ማንበብ እኛ አገር ይህን ያህል አስከፍሏል።

ታዲያ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው ምን ያድርግ? በልብ ወለዱ ውስጥ ጸጋዬ ፊያሜታ የምትባለውን ሴት ስለወደደ በዓሉም አስመራ ላይ እንዲህ ያለ ፍቅር ይዞት ነበር ብሎ መጻፍ አይችልም። የዘመኑን ጋዜጣ ያገላብጣል። አብረውት የሠሩትን ይጠይቃል። ደብዳቤ ይፈልጋል። ልብ ወለዱ ጥያቄ ያስነሳለት ይሆናል፤ መልሱን ግን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት።

«ደራሲው ራሱ ከተናገረ በቃ»

አይበቃም። ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ ይመርጣል፣ ያስተካክላል፣ ይረሳልም። እንግሊዛዊው ደራሲ ቶማስ ሃርዲ በእ.ኤ.አ. 1928 ሲሞት፣ ባለቤቱ ፍሎረንስ የጻፈችው የሕይወት ታሪኩ በዚያው ዓመትና በ1930 በሁለት ቅጽ ወጣ። ኋላ ላይ እንደታወቀው አብዛኛውን የጻፈው ራሱ ሃርዲ ነው፤ «እሱ እንዲህ አደረገ» እያለ! ብዙ የቆዩ ወረቀቶቹንም አቃጥሏል። የደራሲውን የራሱን ቃል ብቻ ይዞ የሚጽፍ ሰው የት እንደሚወድቅ ከዚህ ይታያል።

የኛ አገር ጸሐፊ ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ጣጣ አለበት። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ወጣ እንላለን። ይህ ዓመት በፈረንጆቹ ከ1965 መስከረም እስከ 1966 መስከረም ድረስ ነው። ወሩን ያላጣራ ጸሐፊ አንዱን ይገምታል፣ ቀጣዩ ከሱ ይገለብጣል፣ ስህተቱም እውነት ሆኖ ይቀራል።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ»

ይሄን አባባል አከብረዋለሁ፤ የጨዋ አባባል ነው። ገድል ሲነበብ ያደግን ሰዎች ስለሆንን፣ የሕይወት ታሪክም ተአምር በተአምር እንዲሆን እንጠብቃለን። ግን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን በዚህ መንገድ እንዴት ትጽፈዋለህ? በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ዛሬ የዘርፉ መጠሪያ የሆነው «ልብ ወለድ» የሚለው ቃል እንኳ ከዚያ ርዕስ የመጣ ነው። ይኸው ሰው በጠላት ወረራ ዘመን ለጣሊያን አደረ፣ «አፈ ቄሣር» ተባለ፣ ከነጻነት በኋላ ጅማ ላይ በግዞት ሞተ። አንዱን ጽፎ ሌላውን የሚተው ጸሐፊ ሰውየውን በግማሽ ነው የሚያሳየን። ክህደቱን ስላወቅሁ የአማርኛው ለዛ አልጠፋብኝም። ለዛው ግን ክህደቱን አያጥብለትም። ሁለቱን ይዞ መቀመጥ ያማል፤ የዚህ ሙያ ከባዱ ክፍል ይሄ ነው እላለሁ።

«ሐያሲ መጻፍ ያቃተው ሰው ነው»

ደበበ ሰይፉ ማን ነበር? «የድርሰት አጻጻፍ ስልት»ን ያዘጋጀ መምህርና ሐያሲ። «የብርሃን ፍቅር»ን የጻፈው ገጣሚም እሱው ነው። በዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም።

ይልቅ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። በደርግ ጊዜ በየስብሰባው «ሂስና ግለሂስ» ይባል ነበር። ሰው ተነስቶ ጓደኛውን ያጋልጥ ነበር፣ ራሱን ይከስ ነበር። ቃሉ ያን ፍርሃት ይዞ የቀረ ይመስለኛል። ዛሬም «ሂስ ልሰጥህ ነው» ሲባል ፊታችን ይቀየራል። የሥነ ጽሑፍ ሂስ ግን ፍርድ ቤት አይደለም። ሐያሲው ይህ ምዕራፍ ለምን እንደሚይዘን፣ ያኛው ለምን እንደሚንዛዛ ጥቅስ እየጠቀሰ ያሳየናል። ካላሳመነንም እምቢ ማለት እንችላለን።

«ማስረጃው ሁሉ ቤተ መዛግብት ውስጥ አለ»

አንዳንዱ አለ። ብዙው ግን በሰው ቤት፣ በሻንጣና በካርቶን ውስጥ ነው። ከስደቱ በኋላ ደግሞ ዋሽንግተን፣ ስቶክሆልም፣ የት የት ተበትኗል። ቤታችሁ ከአንድ ደራሲ የመጣ ደብዳቤ ካለ፣ «ተራ ሰላምታ ነው» ብላችሁ አትጣሉት፤ ቀኑና የተላከበት ቦታ ብቻ አንድ ምዕራፍ ሊያቃና ይችላል። የቆየ ፎቶ ካለም እትዬን ወይም ጋሼን አስቀምጣችሁ ማን ማን እንደሆኑ ጠይቁ፤ ስማቸውንም ከጀርባው በእርሳስ ጻፉበት።