ሰዓት ሲቀየር የሕፃን እንቅልፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብዙ የጎንደር ቤተሰብ በእስራኤል፣ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ አለው። እነዚህ አገሮች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ይቀይራሉ። በፈረንጆቹ መጋቢት አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ፤ በመከር ወቅት ደግሞ ወደኋላ ይመልሱታል። አውሮፓና እስራኤል ወደኋላ የሚመልሱት በፈረንጆቹ ጥቅምት የመጨረሻ እሑድ ነው፤ አሜሪካ በፈረንጆቹ ኅዳር የመጀመሪያ እሑድ። በዚያ ሰሞን ከወዲያ የሚደውሉ ወላጆች ወሬያቸው አንድ ነው፤ ልጁ እንቅልፍ ነሳን ይላሉ። ከወዲህ የሚሰጣቸው ምክር ከልብ የመጣ ነው። ግን ብዙው ልክ አይደለም፤ አንዳንዱማ አደገኛ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

«እኛ ሰዓት አንቀይርም፤ ነገሩ አይመለከተንም»

ኢትዮጵያ ሰዓት አትቀይርም፤ እውነት ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የቀኑ ርዝመት ከወቅት ወቅት ያን ያህል አይለያይም። ጸሐይዋ ግን ባለችበት አትቆምም። ጎንደር ላይ በግንቦት መጨረሻ ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች። በጥር ደግሞ 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው የምትወጣው። ልዩነቱ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል።

ታዲያ የጎንደር ሕፃናት በዚህ ምክንያት ሲረበሹ አናይም። ለምን? ለውጡ በቀን አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ወራት ይፈጃል። እዚያ ማዶ ሕፃኑን የሚያስቸግረው ለውጡ በአንድ ሌሊት መምጣቱ ነው። ስለዚህ መፍትሔውም ለውጡን መሸራረፍ ነው።

ደግሞ ነገሩ እዚሁ ቤታችን ድረስ ይመጣል። የእስራኤል ሰዓት በበጋቸው ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ በክረምታቸው ግን በአንድ ሰዓት ከእኛ ወደኋላ ይቀራል። ለጥምቀት ከቴል አቪቭ መጥቶ አዘዞ የሚያርፍ ሕፃን የሚገጥመው ልክ የመጋቢቱን ዓይነት ለውጥ ነው። ከዋሽንግተን የመጣው ግን ልዩነቱ በጥር 8 ሰዓት ነው። እሱ ሌሊት ዓይኑን አፍጥጦ ቢጫወት አትደንግጡ። ሰውነቱ ቀን ነው ብሎ ነው። ሌሊት መብራቱን ደብዛዛ አድርጉ፣ ጨዋታ አታብዙ፣ ቀን ወደ ውጭ አውጡት። አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ስጡት። የከተራ ማታ ማምሸቱም ለአንድ ቀን ነውና ብዙ አያሳስብም።

«አምሽቶ የተኛ ሕፃን አርፍዶ ይነሳል»

ይሄኛው አመለካከት ብዙ ቤት ያደክማል። ሰዓቱ ወደኋላ ሲመለስ ልጅ የሌለው ሰው «አንድ ሰዓት እንቅልፍ ተጨመረልን» ይላል። ሕፃን ያለው ቤት ግን ሌላ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኝቶ ከንጋቱ 12 የሚነሳ ልጅ፣ በማግስቱ አዲሱ ሰዓት 11 ሲል ተነስቶ ቁጭ ይላል። ልጁ ምንም አልተሳሳተም። የተቀየረው የግድግዳው ሰዓት እንጂ የእሱ ሰውነት አይደለም።

ወላጅ ታዲያ «ዛሬ አስመሽቼው አስተኛዋለሁ» ይላል። ለአዋቂ ይሠራ ይሆናል። ከመጠን በላይ የደከመ ሕፃን ግን ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፣ ሌሊት ይባንናል፣ ብዙ ጊዜም ያው በማለዳው ይነሳል። እናቱ ማታም ጠዋትም ሳትተኛ ትቀራለች።

የሚሻለው እንዲህ ነው። ለውጡ ሊመጣ አራት ወይም አምስት ቀን ሲቀረው በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማሸጋገር። በመከሩ ለውጥ ወደ ማታ፣ በመጋቢቱ ወደ ቀደም ያለ ሰዓት። የመኝታ ሰዓቱን ብቻ ማንቀሳቀስ አይበቃም። የቀን እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ገላ መታጠቢያው ሁሉ አብሮ ይንቀሳቀስ። ሕፃን ሰዓት አያነብም፤ የሚያውቀው ከገላ ቀጥሎ ጡት፣ ከጡት ቀጥሎ እሹሩሩ መሆኑን ነው። ቅደም ተከተሉ ካልተናጋ ሰዓቱ ቢንሸራተት ብዙም አይከፋውም።

ቀኑ ሳይታወቅ ካመለጠም ችግር የለም። ከለውጡ በኋላ በዚሁ መንገድ ቀስ በቀስ መሄድ ይቻላል። በ11 ሰዓት ሲነሳ መብራት አታብሩ፤ ሳሎን ይዛችሁ አትውጡ። ከራበው በጨለማው አጥቡትና እዚያው አባብሉት። በ11 ሰዓት ቴሌቪዥን የተከፈተለት ልጅ ነገም በ11 ሰዓት ይነሳል።

«ቀን ካላስተኛሽው ሌሊቱን ለጥ ይላል»

አይልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት መተኛት አለበት። የቀኑም እንቅልፍ በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ከቀኑ የተቀነሰው ሌሊት ላይ አይካካስም። ለመኝታው ሰዓት በጣም የቀረበ፣ ጸሐይ ልትጠልቅ ስትል የሚተኛው እንቅልፍ ብቻ ቢያጥር ጥሩ ነው።

«አራስ ልጅም ከአዲሱ ሰዓት ጋር መላመድ አለበት»

የአራስ ልጅ ሰውነት ገና ቀንና ሌሊትን አይለይም። ያ የሚጀምረው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር አካባቢ ነው። እስከዚያ የሚነሳው ሲርበው ነው፤ የሰዓት ለውጡ እሱን አይነካውም። አራሷ ራሷ ባገኘችው አጋጣሚ ትተኛ።

«የጠዋት ጸሐይ ለአጥንት ብቻ ነው»

እናቶቻችን ሕፃን ጠዋት ጸሐይ የሚያሞቁት አጥንቱ እንዲጠና ነው። ትክክል ናቸው፤ ቆዳ በጸሐይ ቫይታሚን ዲ ይሠራል። ግን ሌላም ጥቅም አለው። በዓይን የሚገባው የጠዋት ብርሃን ለአንጎል «ቀኑ ጀምሯል» ብሎ ይነግረዋል፤ የሰውነትን ሰዓት ከምንም በላይ የሚያስተካክለው ይህ ብርሃን ነው። ለዚህኛው ጥቅም ደግሞ ጸሐዩ በቀጥታ ላዩ ላይ ማረፍ የለበትም። በረንዳ ላይ፣ ጥላ ሥር፣ በክረምት ደመናም ቢሆን ይሠራል። ውጭ አገር ላሉት የምመክረውም ይህንኑ ነው፤ በጠዋት ልጁን አልብሶ ወደ ውጭ ማውጣት።

ማታ ደግሞ ተቃራኒው። በጎንደር ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ከአሜሪካ ቪዲዮ ሲደወል ቤተሰቡ በሙሉ ሕፃኑን ከብቦ «አክስትህን እያት!» ይላል። ሊተኛ የነበረ ልጅ በዚያ ብርሃንና ጫጫታ ይነቃል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ብትደውሉ ዋሽንግተን እንደየወቅቱ ጠዋት 2 ወይም 3 ሰዓት ነው። ሁለቱም ወገን ነቅቷል፤ ናፍቆቱንም መወጣት ይቻላል።

«ትንሽ ሽሮፕ ብትሰጪው ይተኛል»

እባካችሁ፣ ይህን አታድርጉ። የጉንፋን ወይም የአለርጂ ሽሮፕ የእንቅልፍ መድኃኒት አይደለም። በሕፃን ላይ ትንፋሽን እስከማዳከም የሚደርስ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። «እኔም በዚያ ነው ያሳደግኳችሁ» የምትል አያት ልጁን ስለምትወድ ነው፤ በአክብሮት እምቢ በሏት።

ማርም ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፣ ጫፏንም ቢሆን። ቦቱሊዝም የሚባል ሰውነትን ሽባ የሚያደርግ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። «አጥሚት ሲጠግብ ይተኛል» የሚለውም ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን አይሠራም። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውኃም አያስፈልገውም። ሌሊት የሚጠባው ወተት እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን ስላለበት ራሱ ያግዛል።

«ማለዳ የሚነሳው ሰዓቱ ስለተዛባ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር የጎንደር ሌሊት ይበርዳል፤ ሊነጋጋ ሲል ይብሳል። በ10 ወይም በ11 ሰዓት የሚነሳ ልጅ በርዶት ሊሆን ይችላል። እጁን ሳይሆን ደረቱን ወይም ማጅራቱን ዳስሱት። ከቀዘቀዘ በላይ በላዩ ልብስ ጨምሩለት። ፊቱን ግን በጋቢም በብርድ ልብስም አትሸፍኑ፤ በጀርባው አስተኙት።

የከሰል ማንደጃ መኝታ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ፈጽሞ አይሆንም። የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ቤተሰቡን በሙሉ በእንቅልፍ ላይ እንዳለ ይገድላል። ከሰሉ የፈመ ቢሆንም ያው ነው።

«ሰዓት ከተቀየረ ልጁ ወራት ቢረበሽም ያለ ነው»

የአንድ ሰዓት ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለመዳል። ከዚያ ካለፈ ሌላ ምክንያት ፈልጉ። ጥርስ እያወጣ ይሆናል፤ ወይም ጆሮውን እያመመው። ከተኛ በኋላ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም የሚል ከሆነ ለሐኪም መታየት አለበት። ትኩሳት ካለው፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ወይም ለመቀስቀስ የሚያስቸግር ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።