የጎፍ፦ ከኮምቦልቻ በላይ ያለው የክረምት ደን

የጎፍ በደቡብ ወሎ የሚገኝ ደን የለበሰ ተራራ ነው። ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ምዕራብ ነው ያለው። ከተማው ውስጥ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ያየዋል። ስሙን የማያውቅ የአካባቢው ነዋሪ ማግኘት ይከብዳል። ውስጡ ገብቶ የተራመደው ግን ያን ያህል አይደለም። አብዛኛው ሰው ከሩቅ አይቶት፣ ጉም መልበሱን ልብ ብሎ፣ ጃንጥላውን ይዞ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ግርጌው 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ይጀምራል። ጫፉ 3,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ከታች እስከ ላይ ሲወጣ የአየሩ ሙቀት ስድስትና ሰባት ዲግሪ ይቀንሳል። ከኮምቦልቻ በቲሸርት የተነሳ ሰው እላይ ሲደርስ ጋቢ ቢያምረው አይፈረድበትም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከተራራው ወገብ ጋር ትስተካከላለች። ሁለቱ ከተሞች በመንገድ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በመሐላቸው ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ በነሐሴ የወረደ ሹፌር ግን ልዩነቱን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። እላይ መብራት አብርቶ በጉም ውስጥ ይሳባል፤ እታች ሲደርስ መስኮት ይከፍታል።

ሐምሌና ነሐሴ ለፈረንጅ አገር የፀሐይና የሽርሽር ወራት ናቸው። ለወሎ ክረምት ናቸው። ኮምቦልቻ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ከዚህ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በእነዚህ ሁለት ወራት ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚጥለው የበልግ ዝናብ ቀለል ያለና የማይታመን ነው። አንዳንድ ዓመት ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። ስለዚህ የጎፍን የሚያኖረው ዋናው ክረምቱ ነው። ደኑ ምን እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ ሰውም መምጣት ያለበት በክረምት ይመስለኛል። በጥር መንገዱ ደረቅ ነው፣ ፎቶውም ያምራል። ውሃው ግን የለም፤ የጎፍ ደግሞ ከምንም በላይ የውሃ ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባዶ ተዳፋት ላይ የሚወርድ ዶፍ መሬቱን ይደበድበዋል። አፈሩ ይላቅጥና ቀዳዳው ይደፈናል። ከዚያ በኋላ ውሃው የሚገባበት የለውም፤ አፈሩን ይዞ ቁልቁል ይሮጣል። ደን ባለበት ዝናቡ መጀመሪያ ቅጠል ላይ ያርፋል። ቀስ ብሎ ወደ ግንዱና ወደ ረገፈው ቅጠል ይወርዳል። ሥር የፈታው አፈር ይጠጣዋል። ልዩነቱን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ዝናብ ባባራ በሰዓቱ ከተራቆተው ዳገት የሚመጣው ጎርፍ ቡና የመሰለ ነው። ከጫካው ሥር የሚወጣው ግን ኩልል ያለ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላም ይፈሳል።

ጉሙም የራሱ ድርሻ አለው። የጥድ ቅጠል ደቃቅ ስለሆነ ጉሙ እየነካው ወደ ጠብታ ይለወጣል። ከቅርንጫፎቹ የሚንጠለጠለው፣ ሰዎች የዛፍ ሽበት የሚሉት ግራጫ ነገርም እንዲሁ ውሃ ይይዛል። ዝናብ ሳይኖር ከዛፍ ሥር የሚንጠባጠበው ከዚህ የተነሳ ነው። ጃኬቱን አውልቆ የቆመ ሰው ትንሽ ቆይቶ መበስበሱን ያያል።

ከአካባቢው ተራሮች የሚወርደው ውሃ መጨረሻው ቦርከና ነው። ቦርከና ከደሴ በስተሰሜን ካለው ደጋ ተነስቶ በደሴና በኮምቦልቻ በኩል ያልፋል። ከዚያ ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል። ቀጥሎ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ ጉዞው በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የጎፍ ላይ የወረደ ጠብታ ከኢትዮጵያ ድንበር አልፎ ብዙም አይርቅም ማለት ነው።

ደኑ ከከፋና ከኢሉባቦር ጫካዎች ያነሰ ዝናብ የሚያገኝ፣ ጥድና ወይራ የሚበዙበት የደጋ ደን ነው። ከግርጌው ሲጀመር መጀመሪያ የሚገኘው ጫካ ሳይሆን ቁጥቋጦ ነው። ክትክታ፣ አጋም፣ እምቧጮ፣ እዚህም እዚያም ግራርና ብሳና አለ። ክትክታ የበዛበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የተቆረጠ ወይም የተጋጠ መሬት ነው። ከብት ስለማይወደው እሱ ይተርፋል። ብዙ ሰው ይሄን ቁጥቋጦ እንደ አረም ያየዋል። እኔ አልስማማም። የወይራ ችግኝ በባዶ ሜዳ ፀሐይና ፍየል ይጨርሱታል፤ በእሾሃም ቁጥቋጦ ጥላ ሥር ግን ይድናል። ወፎች የወይራ ፍሬ በልተው እዚያ ቁጥቋጦ ላይ ያርፋሉ። ዘሩን ይጥላሉ። ቁጥቋጦውን «ለማጽዳት» መመንጠር የነገውን ደን መመንጠር ነው።

ከፍ ሲባል ወይራው ይመጣል። ቅጠሉ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ሲገለበጥ ቡናማ ነገር አለው። የወይራ እንጨት ከባድና ጠንካራ ነው። ዘነዘና፣ ዱላ፣ የእርሻ ዕቃ ይሆናል። ጭሱ ደግሞ የወተት ዕቃ ይታጠንበታል። የወይራ ጭስ የሸተተው እርጎ የቀመሰ ሰው ለምን ዛፉ እንደሚፈለግ አይጠይቅም። የሚፈለግ ዛፍ ደግሞ ይቆረጣል። ትልቅ ግንድ ያለው ወይራ ከመንገድ ራቅ ብሎ ካልሆነ ማግኘት ቀላል ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥዱ የተራራው ባለቤት ነው። የሐበሻ ጥድ በዓለም ካሉት የጥድ ዓይነቶች ሁሉ ረጅሙ ነው። ከተመቸው እስከ 40 ሜትር ያድጋል። ወንዱና ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ናቸው። ሰማያዊ የምትመስል ትንሽ ፍሬ የምታፈራው ሴቷ ናት። ቅርፊቱ ረጅም ረጅም ሆኖ ይላጣል። እንጨቱን ምስጥ አይደፍረውም። ለቤት ምሰሶና ለአጥር የሚመረጠው ስለዚህ ነው። አንድ የሚገርም ጠባይ አለው፤ የራሱ ልጆች በጥላው ሥር በደንብ አይበቅሉም፣ ብርሃን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጥቅጥቅ ባለ ጥድ ውስጥ የምታዩአቸው ታናናሽ ችግኞች ብዙ ጊዜ የወይራና የሌሎች ዛፎች ናቸው። ዝናብ ሲነካው የሚሸተው ሽታ ደግሞ እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተውን ዓይነት ነው።

በጥዱ ሥር ቀጨሞ አለ። ቀጋና ኮሽም አለ። ዳማ ከሴም አለ። ምች የመታው ሰው ቅጠሉን ጨምቆ የሚጠጣው ያው ዳማ ከሴ። ኮሶ የሚያምርበት ቀዝቃዛውና ከፍ ያለው ቦታ ነው። በክረምት እንጉዳይም ከበሰበሰው ግንድ ሥር ብቅ ብቅ ይላል። የሚበላውንና የሚመርዘውን የማያውቅ ሰው ግን እንዳይነካ። በየተራራው የተተከለውን ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ለመለየት ችግር የለም። በመስመር የቆመ ሁሉ ሰው ያቆመው ነው።

ስለ እንስሳቱ አጭር መሆን ይሻላል። ጦጣና ዝንጀሮ ይታያሉ። ጃርት እሾሁን ጥሎ ይሄዳል እንጂ ራሱ በቀን አይገኝም። ጅብ ማታ ነው። አውሬ አያለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው ሳያዝን አይመለስም። ወፍ የሚወድ ግን ይካሳል። በደጋው ሁሉ ጠዋትና ማታ እየጮኸ የሚበርረው ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለም። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ባለ ትልቅ መንቁሩ ቁራም የአፍሪካ ቀንድ ወፍ ነው። በወሎ ደጋ ደኖች የሚኖረው ቱራኮ የሚባለው ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ አረንጓዴ ነው። ክንፉን ሲዘረጋ ደማቅ ቀይ ይወጣል። ያ ቀይ ቀለም መዳብ አለበት፤ በወፍ ዓለም እንዲህ ያለ ቀለም ከቱራኮ ዘመዶች ውጭ አይታወቅም። ከአውሮፓ የሚመጡት ስደተኛ ወፎች በክረምት እዚህ የሉም። የሚሰማው ድምፅ የአገሬው ነው።

የጎፍ ዛሬ ያለበትን መልክ የያዘው ተፈጥሮ ብቻ ስላደለው አይደለም። በደርግ ዘመን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ፣ በአገሪቱ 58 ደኖች ቅድሚያ የሚሰጣቸው ብሔራዊ ደኖች ተብለው ተለይተው ነበር። የጎፍ አንዱ ነው። በዚያው ዘመን ወሎ ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረሃብ ጋር ስሙ ተያይዞ ነበር። የምግብ ለሥራ ዘመቻ የበረታውም እዚህ ነበር። ገበሬው እርከን ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ችግኝ ይተክላል። በቀን 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ያገኛል። በኪሎ ሜትር የሚቆጠር እርከን ተሠራ። ብዙ ተራራ ተከለለ።

ይህን ሥራ የሚያወድሱ አሉ፣ የሚረግሙም አሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ዛሬ በወሎ ተራሮች ላይ አረንጓዴ ሆኖ ከሚታየው ብዙው የዚያ ዘመን ላብ ነው። ግን የተከለለው መሬት ባዶ አልነበረም። የአንዱ ግጦሽ፣ የሌላው እርሻ ነበር። ሲከለል የተጠየቀ ገበሬ ጥቂት ነው። ዛፉ የመንግሥት ነው የሚል ስሜት ሥር ሰደደ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ጠባቂ ጠፋ፤ በወሎ ብዙ ቦታ የተተከለው ዛፍ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተጨፈጨፈ፣ የተከለለውም ለከብት ተከፈተ። ሰው ደን ስለሚጠላ አልነበረም። የራሱ ስላልመሰለው ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥት ደን ጎን ለጎን የግል፣ የማኅበራትና የማኅበረሰብ ደን የሚለውን በሕግ አስቀምጧል። ከየጎፍ ታሪክ አንጻር ካየነው ትልቁ ለውጥ እሱ ነው።

ዋናው ጫና ዛሬም ማገዶ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ሁለቱም አድገዋል። ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ፣ ቢራና ብረታ ብረት ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ሥራ ፍለጋ የሚመጣ ሰው ቤት ይከራያል፣ ወጥ ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ከሰል ይገዛል። በጠዋት ጭራሮ ተሸክመው ከዳገት የሚወርዱ ሴቶችን መውቀስ ቀላል ነው። ያ ሸክም ግን ለቀኑ እንጀራ የሚሆን ገንዘብ ነው። ገጠር ውስጥ እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነዳል። ኩበት ሲነድ ማሳው ማዳበሪያ ያጣል። የደን ጉዳይ ዞሮ ዞሮ ምድጃ ላይ ይወድቃል።

ከመንግሥት ጥበቃ ውጭ ዛፍ ያቆየ ሌላም ነገር አለ። በወሎ ትልልቅ የአገር በቀል ዛፍ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም በመስጊድና በደጋግ ሼኮች መቃብር ዙሪያ ነው። እዚያ መጥረቢያ ማንሳት ነውር ነው። ለየጎፍ ቅርብ በሆነው የአልብኮ ምድር የሚገኘው ጀማ ንጉሥ የሚባለው የሙስሊሞች ቅዱስ ስፍራ በመውሊድ በዓል የታወቀ ነው።

በክረምት መሄድ ለሚያስብ ሰው ጥቂት የተግባር ነገር። ማለዳ መነሳት ይሻላል። ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ወደ ታች ማቅናት የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳይበሰብስ ይገባል። ስኒከር አያዋጣም። ቀዩ አፈር ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ መውረድ ከመውጣት ይከፋል። ዱላ ይያዝ። ጃንጥላ ቁጥቋጦ ውስጥ ዕዳ ነው፣ የዝናብ ልብስ ይሻላል። ስልክ በፌስታል ይጠቅለል። ጉም ከወረደ አሥር እርምጃ ፊት ያለው አይታይም፤ ስለዚህ የአካባቢውን ልጅ መሪ መያዝ ቅንጦት አይደለም። መብረቅ ሲጀምር ለብቻው ከቆመ ረጅም ዛፍ ሥር አይጠለሉም። ምንጩ ጥርት ያለ ቢሆንም ከብት ስለሚጠጣበት ውሃ ከቤት ይዞ መሄድ ነው። ከመነሳት በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ከነዋሪው መጠየቅም ተገቢ ነው።

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል። ከነሐሴ 13 በኋላ ዝናቡ ባይቆምም ፋታ መስጠት ይጀምራል። መስከረም ሲገባ ደግሞ ተዳፋቱ በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል፣ ጉሙም ይገፈፋል። ዶፉን ለማይችል ሰው የሚመቸው ያ ጊዜ ነው።

ከደሴ ለሚነሳና ወደ ኮምቦልቻ ለመውረድ ጊዜ ለሌለው ጦሳ አለ፣ አዝዋ ገደልም አለ። ሁለቱም ከተማዋን ያቀፉ ተራሮች ናቸው። ከጦሳ ላይ ደሴ በሙሉ ትታያለች። የባሕር ዛፉ ብዛት ግን የየጎፍን ዓይነት ጫካ ለሚፈልግ አያረካም። ተዳፋታቸው ደግሞ ቁልቁለቱ የበረታ ነው። ደሴ በክረምት የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ ስለሆነች ከብዙ ዝናብ ማግስት ከገደል አፍ መራቅ ያስፈልጋል።